ሠላሳ ሺህ ቮልትና ስምንት አምፖል

ሰው ሥራውን ሲጠየቅ የሚታይ ነገር ቢኖረው ደግ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ ያለ የለበሰውን ኮት ያሳያል፤ ሾፌር ነኝ ያለ ጡሩምባውን ይነፋል። እኔ ግን በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት አዲስ አበባ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአንድ ሳጥን ጠባቂ ነበርኩ። ዘበኛ እንዳይመስላችሁ፤ ቴክኒሺያን ነኝ። ሳጥኑ በዓይን የማይታየውን አጉልቶ ለሚያሳየው ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሠላሳ ሺህ ቮልት ይመግባል። ቮልቱ ትንሽ ከተወዛወዘ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ምስሉ ከደበዘዘ ፕሮፌሰሮቹ ይቆጣሉ፤ ሲቆጡ የሚጠራው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ እኮራ ነበር። ጥፋቴ ኩራቴን ይዤ ቡታጅራ መሄዴ ነው።

ቡታጅራ አስካለ አለች። የበርበሬ ነጋዴው የአቶ ዘርጋ ልጅ ናት፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ከእሷ ሌላ ሴት አስቤ አላውቅም። ለመስቀል አገር ቤት ስገባ አጎቴን ሽማግሌ ላክሁ። ደክሞት ተመለሰ።

"ሥራህን ላስረዳ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ራሱ መጥቶ ያስረዳ ብለዋል" አለኝ።

ልጁ ራሱ ለሽምግልና ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም። ሄድኩ።

አቶ ዘርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ሠላሳ ሺህ?" አሉ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ስንት አምፖል ያበራል?"

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። እናንተ ብትሆኑ ትዋሹ ነበር። እኔ ግን ቮልቱ የትየለሌ ቢሆንም የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ኢምንት መሆኑን አስረድቼ "አንድም አያበራም" አልኩ።

"ሰው ይመታል?"

"እንዴታ! ካጠፉት በኋላ እንኳ፣ የቀረውን በዘንግ ወደ መሬት ካላፈሰሱት ይመታል።"



"እና አንተ ልጅ፣ ሲበራ የማያበራ፣ ሲጠፋ የሚማታ ነገር ይዘህ ልጄን ምን ልታደርጋት ነው?"

አስካለ ለባለወፍጮው ለተካ ተዳረች። የተካ ሞተር ቀን የአባቷን በርበሬ ይፈጫል፤ ሲመሽ ስምንት አምፖል ያበራል። ከልቤ አዘንኩ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም አልልም።

ሠርጉ ላይ ተገኘሁ፤ ብቀር አኮረፈ እባላለሁ። ፀሐይ እንደጠለቀች ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ቆመ። ዳሱ ጨለመ። ሙሽራው ከነሱፉ ናፍጣ ሊነካ አይችልም፤ ሞተረኛው ደግሞ ጠጁን ጨልጦ ከወፍጮው ጥግ ተኝቷል። "ያ የሳጥኑ ልጅ የት ሄደ?" ተባለ። እንዳልሰማ ሆኜ ጨለማውን ልተውላቸው አሰብኩ፤ አሰብኩ እንጂ አላደረግሁትም። አስካለ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣለች። ኮቴን አወለቅሁ፤ የናፍጣውን ቱቦ ፈትቼ የገባውን አየር አስወጣሁ፤ መልሼ አጠበቅሁና ሞተሩን አስነሳሁ። ስምንቱም በሩ። እልልታው ቀለጠ፤ ለሙሽሮቹ ነው።

አቶ ዘርጋ እጄ ላይ ውሃ እያፈሰሱልኝ ጠጋ አሉ።

"ሞተር ታውቃለህ ለካ! ያን ቀን ምነው ሳትነግረኝ?"

"ሳጥኑን ብቻ ነዋ የጠየቁኝ፣ አባባ።"

ከዚያ ወዲህ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ "ሞተር እሠራለሁ" እላለሁ። ሚስትም ያገኘሁት እንደዚያ ብዬ ነው። ስለ ሳጥኑ የሰማችው ሦስተኛ ልጃችን ከተወለደ በኋላ ነው፤ ስንት አምፖል እንደሚያበራም ጠይቃኛለች።