የሽምብራው ቁልፍ

«ቀላል ነው» የሚላችሁን ሰው ፍሩ። መርፌ ይዞ የሚጠጋችሁ ሰው «ቀላል ነው» ይላችኋል፤ ጨከን ብላችሁ ጠብቁት። ስልክ ሠሪዎቹም ያው ናቸው። «ለአረጋውያን የቀለለ» ይሉና፣ ስትከፍቱት የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል፣ ኢሜይል ይጠይቃል፤ የሚቀረው የነፍስ አባታችሁን መጠየቅ ብቻ ነው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ያልያዝኩ፣ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ። ረመዳን ሊገባ ሰሞን አያ ይማም ከገጠር መጡ፤ ልጃቸው ዘሃራ ከጂዳ የላከችላቸውን ባለ ሰፊ መስታወት ስልክ በሻሽ ጠቅልለው። «ቀላል ነው አባዬ፣ መንካት ብቻ ነው» ብላቸዋለች። ነኩት። ስልኩ ወይ ፍንክች! ስልሳ ዓመት እርፍ የጨበጠ ጣት ለሱ ደረቅ እንጨት ነው። ይህን የፈለሰፈው ሰው የአራሽ እጅ ጨብጦ አያውቅም።

«አንተ ልጅ፣ የዘሃራን ድምፅ ሳልሰማ ጾሙ ሊገባ ነው» አሉኝ።

«አብሽሩ አያ!» አልኩና አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ አወጣሁ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ቁጥር አይለዩም። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ላይ ባቄላ በሙጫ ለጠፍኩ፤ ጫን አድርገው ከያዙት በቀጥታ ዘሃራ ጋ ይደውላል። ዲዛይን ብትሉ ይኸው።

ከዚያ አፌ አላርፍ አለና ኮምቦልቻ ያለውን ወንድ ልጃቸውን አነሳሁ። «የአሊንስ?»

«ስሙን አትጥራብኝ!»

አሊ የእርሻ በሬያቸውን ሳያስፈቅድ ሸጦ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። አያ ስልካቸውን ይዘው ሄዱ። አሥር እርምጃ ሳይርቁ ተመለሱ።

«እስቲ የሱንም አስገባው። ሽምብራ ለጥፍበት።»

«ሊደውሉለት?»

«እንዳልነካው ነዋ! የማልነካውን ለይቼ ካላወቅሁ በስህተት ብነካውስ?»

ሰው ለኩርፊያው ምልክት ሲያስተክል ያን ቀን አየሁ።

በሳምንቱ ገበያ ድምፃቸው ከሳቸው ቀድሞ ደረሰ። «አንተ ውሪ፣ አዋረድኸኝ! ባቄላውን ዶሮ ለቅማው፣ የቀረችዋን ፍሬ ብጫን ያ ሌባ አያነሳው መሰለህ!»

«ታዲያ አልዘጉትም?»

«እያለቀሰ እንዴት ልዝጋው? ሂሳቡ እስኪያልቅ አስለፈለፈኝ። ለጾሙ እመጣለሁ ይላል። ምን አባቱ ሊሠራ!»

አስተውሉልኝ። አያ ይማም ዝናብ ጣለ ለማለት እንኳ «ወላሂ» የሚሉ ሰው ናቸው። ስለ ዶሮዋ ግን ወላሂ አላሉም። ደግሞስ ዕድሜ ልኩን የዘራ ሰው ባቄላና ሽምብራ በጣቱ ይምታታበታል? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እሳቸው ጠላ ስለማይቀምሱ ሽምብራ አወጣላቸው።

«ሽምብራውን ልንቀለው?» አልኳቸው ኮስተር ብዬ።

«ተወው፣ ለምልክት ይሁን። ባቄላውን ብቻ መልሰህ ለጥፍ» አሉና ኪሳቸውን ዳበሱ።

ዶሮ የለቀመችውን ባቄላ አውጥተው ሰጡኝ። ሙጫዬ ገና አልለቀቀውም ነበር።