ማሳው ላልቷል

“ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር” ይባላል። እሺ፤ ስንጥር ሲፈልግ ገንፎው የቀዘቀዘበት ሰውስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ከአምቦ ጎጆ ከተማ የሚመላለሰውን የኦቦ ዳባን ሚኒባስ ተሳፈሩ። ረዳቱ እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የድንች ጆንያ መሸከም ከጀመርኩ ወዲህ ወገቤ ቀንቶ አያውቅም፤ ጎብጦ በር ላይ የቆመ ካያችሁ እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በቴፑ ነው። ኦቦ ዳባ ነዳጅ ሲረግጡ ስፒከሩ ውስጥ “ዊይይይ” የሚል ነገር አብሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲለቁ ይወርዳል። ዘፈኑን ብትዘጉትም እሱ አይዘጋም። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ “ይሄማ እየቀዳን ነው” አሉ።

“ምኑ እማማ?”

“ቴፕ አይደል እንዴ? ሌላ ምን ሥራ አለው?” ብለው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ከዚያ ወዲያ መኪናው ውስጥ ስለ ዝናብ እንኳን የሚያወራ ጠፋ። ወራጁም ቢሆን “ወራጅ አለ” ማለቱን ትቶ በጣቱ ማመልከት ጀመረ።

ኦቦ ዳባ ደግሞ የጠረጠሩት እኔን። “ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ጆንያ ስትጎትት ያላላኸው ነገር አለ። እስከ ቅዳሜ ድምፁ ካልጠፋ አንተ ትጠፋለህ!” ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ግን ለተጠራጣሪ ሰው ስትምሉለት “ካልነካው ምን አስማለው?” ይላል።

ጎጆ ደርሰን ሰው እንዳራገፍን ኦቦ ዳባ ስለ ድምፁ ሊጠይቁ አምቦ ላለው ኤሌትሪሻን ደወሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። “ኦቦ... ችግሩ ማሳው ነው!... ማሳው ላልቷል!... ቶሎ ካላዩት...” ጭጭ።

ጋራዥ ውስጥ ማሳ ማለት የመኪናው ብረት ላይ በብሎን የሚታሰር ሽቦ ነው። እሱ ሲላላ የዲናሞው ጩኸት ስፒከር ውስጥ ይገባል። እኔ ገብቶኛል። ኦቦ ዳባ ግን እዚያው ጎጆ ዳር ከታናሽ ወንድማቸው ከቶላ ጋር የሚዋሰን የገብስ ማሳ አላቸው። መጀመሪያ ስልኩን አፍጥጠው አዩት፣ ቀጥሎ እኔን።

“ማል ጄዴ? ምን አለ ይሄ ሰውዬ? ማሳዬን ለኤሌትሪሻን ማን ነገረው?”

“ኦቦ፣ ሽቦውን ማለቱ እኮ ነው...”

“ዝም በል! እኔ በሽቦ አጥሬ አላውቅም!”

መኪናዋ ዊይይይ እያለች ማሳው ዳር ደረስን። እናንተዬ! የድንበሩ ድንጋይ ወደ ኦቦ ዳባ ገብስ ገባ ብሎ ተቀምጧል፤ ሥሩ ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው። ቶላ ዶማውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

“ጋሼ... ማን ነገረህ?”

“ቴፑ!”

ቶላ መኪናዋን አየ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ስፒከሩ ያላዝናል። ድንጋዩን ታቅፎ ወደ ቦታው መለሰው። ከባድ ድንጋይ ነው። ሌላ ሰው ሲሸከም ቆሜ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ደስ ይላል ለካ።

አምቦ ስንመለስ ኤሌትሪሻኑ ወንበር ሥር ገብቶ አንድ ብሎን አሳየን። “ዝጎ ነው የላላው፣ ማንም አልነካውም” አለ። እኔ እፎይ አልኩ። ፍቆ አጠበቀው። ድምፁ ጠፋ።

ኦቦ ዳባ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ደቀኑ። ነዳጅ አስረገጡኝ። ምንም የለም። ቀና ብለው ኤሌትሪሻኑን በጎሪጥ አዩት።

“ማን ልኮህ ነው ዝም ያሰኘኸው? ቶላ ነው?”

“ኧረ ኦቦ፣ አጠበቅኩት እንጂ!”

“አላላው!”

አላላው።

ይኸው ዛሬም ጎጆ ስንገባ ዊይይይ እያልን ነው። ቶላም መኪናዋ ስታልፍ ኮፍያውን ያነሳላታል። እኔም ከሥራ አልወጣሁም፤ እንዲያውም ሥራ ተጨመረልኝ። አላላህ ተብዬ ልባረርበት የነበረው ብሎን፣ አሁን እንዳይጠብቅ የምጠብቀው እኔ ነኝ።