በጭስ የበሰለችውን ዶሮ ማጠብ

ዶሮ ውሃዋ እስኪጠራ ካላጠበ የማይተኛ ሰው ታውቃላችሁ? ወግ ነው ትሉኝ ይሆናል። ዶሮዋ በጭስ የበሰለች ስትሆንስ?

ንቲንዳ በሚባለው ሰፈራችን ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ ስንዱ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ባለፈው እሁድ የሴት ልጃቸውን እጮኛ ከነእናቱ ምሳ ጠሩ፤ እኔንም እንግዳ እንዳጫውት ጋበዙኝ። ድካም ይቀንስልኛል ብለው ከሱፐርማርኬት በጭስ የበሰለች ዶሮ ገዙ። ሻጩ ማሞቅ ብቻ ነው የሚቀራት ብሏቸዋል።

«ስትበስል አላየሁ፣ በምን አምናለሁ?» አሉና በሎሚና በጨው ያሿት ጀመር። ውሃው ቡናማ ሆነ። ደፍተው ደገሙ፤ አሁንም ቡናማ።

«እትዬ፣ ጭሱ እኮ ነው!» አልኳቸው።

«ጭስማ እድፍ ነው!»

በሩ ተንኳኳ። እንግዶቹ ገቡ፤ ምሳ የለም። የእጮኛው እናት ሳሎን ትንሽ ተቁነጠነጡና ብድግ ብለው ወጥ ቤት ዘለቁ።

«አለቀልኝ!» አለች ልጅቷ። እኔም ጋብቻው ሲፈርስ ታየኝ።

ሴትዮዋ ሳፋው ላይ አጎነበሱ። ከዚያ ነጠላቸውን አስቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ሎሚ ይጨምሩበት እንጂ እህቴ፣ ይቺ ገና መች ነጻች!»

ዶሮዋ በእጃቸው ላይ ስትበታተን ሁለቱ እናቶች የሠርጉን ወር ይማከሩ ነበር። እኛ ሦስታችን ረሃቡ ሲጠናብን ደጅ ወጥተን ሮሌክስ ገዛን፤ ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ የተጠቀለለ ትኩስ እንቁላል።

«አንተም እንደ እነሱ ነህ እንዴ?» ብላ ልጅቷ እጮኛዋን በስጋት ጠየቀችው።

እሱ አልሰማትም፤ ቻፓቲውን በሶፍት እየጠረገ ነበር።