አቶ ሲልቫኖ ወዴት ዞረው ይጫወታሉ?

ጊታር ያለው ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ይጫወትበታል፣ ወይ ይፈታታዋል። የሁለተኛው ዓይነት ሰው በየከተማው አይጠፋም። በኢንግሃም ከተማ ዙሪያ፣ ሸንኮራ አገዳው መንገዱን ግራና ቀኝ ባጠረበት ሰፈር፣ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር አቶ ሲልቫኖ ባሳኒ ናቸው።

የሚፈታቱት ፒክአፗን ነው። ፒክአፕ ስል የጭነት መኪናዋን ማለቴ አይደለም። በኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የምትቀመጥ፣ በማግኔት ዙሪያ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባት ትንሽ ዕቃ ናት። የክሩን ንዝረት ሰምታ ድምፅ ለሚያጎላው አምፕሊፋየር የምታደርሰው እሷ ናት። አቶ ሲልቫኖ ታዲያ መልእክቴን በትክክል አላደረሰችም እያሉ አንዷን የሚያባርሩ፣ ሌላዋን የሚቀጥሩ ጨካኝ አሠሪ ናቸው። "ድምፁ ገና አልበሰለም" ይላሉ። ጊታሩ ሆዱ ተከፍቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በተኛ ቁጥር ባለቤታቸው ኖሊን እራቷን ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትበላለች። አንድ ጊዜ ከጋገረችው የዱባ ኬክ ውስጥ ብሎን ወጣ። ክቡርነታቸው ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ "ይኸውና! ስፈልገው የነበረው!" ብለው ሳሟት።

"እስቲ ስሚ፤ ይሄ አዲሱ ነው" ይሏታል ክሩን መታ አድርገው። "አሮጌውን ታስታውሺዋለሽ አይደል?"

"አዎ። ይሄኛው... ትንሽ ጠራ።"

"ጠራ? እኔ እኮ ሞቅ እንዲል ነው የፈለግኩት!" ይሉና መፍቻውን መልሰው ያነሳሉ።

ኖሊን ይህን ሁሉ የምትችለው ስለ ቅዳሜ ብላ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የአገዳ ገበሬዎቹ አዳራሽ ውስጥ ጭፈራ አለ። አቶ ሲልቫኖ ከጓደኞቻቸው ጋር መድረክ ላይ ይጫወታሉ፤ እሷ በጓዳ ሻይ ታፈላለች፣ ሲኒ ታጥባለች። እሳቸውም ሁልጊዜ ጎናቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ጓዳው መስኮት አዙረው ነው የሚጫወቱት። ኖሊን ሰው ትኩር ብሎ ሲያያት መሬት መሬት የምታይ ሴት ናት። ለማንም ነግራ ባታውቅም፣ የሚጫወቱት ለእሷ እንደሆነ በልቧ ይዛው ኖራለች።

አንድ ቅዳሜ ትሬቨር የሚባል ጊታር ተጫዋች ከታውንስቪል ከተማ በእንግድነት መጣ።

"ሲልቫኖ፣ ለሰው ጎንህን የምትሰጠው ምን ሆነህ ነው? ከሕዝቡ ጋር ተኳርፋችኋል እንዴ?"

"ሳይንስ ነው ወንድሜ!" አሉ አቶ ሲልቫኖ። "ይቺ ፒክአፕ የመብራቱን ኤሌክትሪክ ሳይቀር ትሰማለች። ወደ እናንተ ስዞር እንደ ንብ ቀፎ ትጮሃለች። ዝም የምትለው ወደዚያ መስኮት ስዞር ብቻ ነው።"

ኖሊን በመስኮቱ ወዲያ ሲኒ እያጠበች ነበር። ማጠቧን ትታ ውኃው እጇ ላይ ሲፈስ አየችው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት የታየው አቅጣጫው እንጂ እሷ አልነበረችም።

"ታዲያ የማትጮኸውን ለምን አትገዛም?" አለ ትሬቨር። "ሁለት ጥቅል ሽቦ ያላት፣ አንዱ የሌላውን ጩኸት የሚያጠፋባት እኮ አለች። ያኔ ወደፈለግክበት ትዞራለህ።"

የታዘዘችው አዲሷ ፒክአፕ በፖስታ መጣች። አቶ ሲልቫኖ ሽቦውን ሲበይዱ የእጅ ባትሪ የምታበራላቸው ኖሊን ነበረች።

"መብራቱ ምነው ዝቅ ዝቅ አለ?"

"ከብዶኝ ነው።"

"ባትሪ ይከብዳል እንዴ?"

መብራቱን መልሳ ከፍ አደረገችላቸው። ፊታቸውን ከእሷ ወደ ሌላ ለምታዞረው ዕቃ ራሷ መብራት መያዟን አስባ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት።

ቅዳሜ ደረሰ። አቶ ሲልቫኖ አምፕሊፋየሩን ከፍተው መድረኩ ላይ ዙሪያውን ተሽከረከሩ። እዝ የሚል ድምፅ የለም። ሕዝቡ አጨበጨበላቸው። እሳቸውም እንደ ሙሽራ ደረታቸውን ነፍተው ፊት ለፊት ቆሙ። ኖሊን ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ አቀርቅራ ሲኒዋን ማድረቅ ጀመረች።

የመጀመሪያው ዘፈን እንደምንም አለፈ። ሁለተኛው ላይ አቶ ሲልቫኖ ምቱ ጠፋባቸው፤ መልሰው ያዙት፤ ደግሞ ጠፋባቸው። የሚደንሱት ሰዎች እግር ለእግር ተረጋገጡ።

"ሲልቫኖ!" አለ ድራም መቺው ሮይስ። "እኛ እዚህ ነን፣ አንተ የት ደርሰሃል?"

አቶ ሲልቫኖ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያዩት የኖሊንን ጀርባ ብቻ ነው።

"ኖሊን! ዞር በይ እንጂ!"

ኖሊን ሲኒውን እንደያዘች በድንጋጤ ዞረች።

"ምን አጠፋሁ?"

"ጭንቅላትሽን ደበቅሽብኝ! ሲኒ ስታደርቂ የምትነቀንቂውን! እኔ እኮ ምቱን የምቆጥረው በሱ ነው!"

"እና እኔ ይህን ያህል ዘመን ድራም የምመታው ለማን ኖሯል?" አለ ሮይስ።

"አንተማ ትፈጥናለህ!" አሉ አቶ ሲልቫኖ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ኖሊን እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። መሬት መሬት ልታይ ፈለገች፤ ግን ጊታሩ እየጠበቃት ነበር። ቀስ ብላ ጭንቅላቷን መነቅነቅ ጀመረች፤ ዘፈኑም ተከተላት። ፎጣው ከእጇ ወደቀ። አላነሳችውም፤ ጎንበስ ካለች አቶ ሲልቫኖ ምቱ ይጠፋባቸዋላ።