በዓይን የሚቀመስ ገንፎ

በየሰፈሩ፣ ድስት በተጣደ ቁጥር ሳይጠራ የሚደርስ አንድ ሰው አይጠፋም። ድስቱ ሲታጠብ አይመጣም፤ ዱቄት ሲነፋ አይመጣም፤ ሽንኩርት ሲላጥማ ጭራሽ አገር ውስጥ የለም። ውሃው ፈልቶ ዱቄቱ ጠብ ሲል ግን በሩ ላይ ቆሞ «ተው እንጂ! እንዲህ ነው እንዴ?» ይላል። ደብረ ታቦር በዚህ ረገድ የታደለች ከተማ ናት። ከሰፈሮቿ ደግሞ የእኛ ይበልጣል፤ ክብርት የድስቶች ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ እትዬ ሰዓዳ የሚኖሩት ከእኛ አጥር ቀጥሎ ነው።

እትዬ ሰዓዳ መንገድ ዳር በርበሬ፣ ጨውና የኑግ ዘይት የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያልፋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጆቻቸው አግብተው ጎንደርና ባሕር ዳር ገብተዋል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው ወደ ሰው ማድቤት ይዘምታሉ። እንዴት እንደሚሰሙ አላውቅም። ማማሰያ የድስት አፍ ሲነካ ከመንገድ ማዶ ሆነው ያውቁታል።

እኔ መልካሙ እባላለሁ፤ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። አምና ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ባለቤቴ ኤደን ለዘጠኝ ወር የአዋላጅነት ትምህርት ባሕር ዳር ሄደች። ሦስት ዓመት አመልክታ ያገኘችው ዕድል ነው፤ አቋርጦ የወጣ ተመልሶ አይገባም። ልጆቹ እኔ ጋር ቀሩ። የአሥር ዓመቱ ናትናኤል የቀረበለትን ሁሉ ይበላል፤ ሳህኑን ቶሎ ካላነሱበት ለሳህኑም ያሰጋል። የአምስት ዓመቷ ቃልኪዳን ግን እናቷ የሄደች ዕለት አፏን ዘጋች። ከሻይና ከቁራሽ ዳቦ በቀር የሚገባላት ነገር ጠፋ።

ማክሰኞ ኤደን ደውላ «ዛሬስ በላች?» አለችኝ። መዋሸት አልሆነልኝም።

«እስከ ቅዳሜ ካልበላች ትቼው እመጣለሁ» አለች። ድምፅዋን አውቀዋለሁ፤ የምትመጣ ሴት ድምፅ ነበር።

ቃልኪዳን ከምግብ ሁሉ የምትወደው እናቷ የምትሠራውን የበቆሎ ገንፎ ነው። ዱቄት፣ ውሃና ጨው ነው፤ በጾም ደግሞ መሐሉ ላይ ዘይትና በርበሬ ይደረግበታል፣ በቃ። ይህ ያቃተው የሂሳብ አስተማሪ ዲግሪውን ይመልስ አልኩ ለራሴ። የማስተምረው በጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ ቤቴ ገብቼ ከሰል አቀጣጠልኩና ድስቱን ጣድኩ። ዱቄቱ ውሃ እንደነካው ጓጎለ። ወዲያውም በሩ ጨለመ።

«ተው እንጂ መልካሙ! አሁን ይሄ ገንፎ ነው የግንብ ጭቃ?»

«እንደምን ዋሉ እትዬ ሰዓዳ?»

«ሰላምታው ይደርሳል። ወደ አንድ ዞር አማስል! ወዲያና ወዲህ ስትለው ውሃው ይደናገራል። የእብናት በቆሎ ነው አይደል? እሱ ውሃ ይወዳል፤ ጨምርለት። ጨውስ አርገሃል?»

የዚያን ዓመት ችግር ይሄ ጨው ነበር። ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገብተዋል። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ እሳቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ። ናትናኤል የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነውና በዚያ ሰዓት ቤት የለም። አንድ ድስት ገንፎ፣ ሁለት አብሳዮች፣ መቅመስ የሚችል ግን የለም። እትዬ ሰዓዳን ይህ አላስጨነቃቸውም። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው እንፋሎቱን አተኩረው አዩና «አንሶታል፤ በዓይኔ ቀምሼዋለሁ» አሉ። ጨመርኩ። በማግስቱ «በዝቶበታል፤ በዓይኔ ቀምሼዋለሁ» አሉ። ጨው እንዴት እንደሚቀነስ ግን ዓይናቸው አልነገራቸውም። ውሃ ጨመርን፣ ዱቄት ጨመርን፤ ገንፎው ለማኅበር የሚበቃ ሆነ። ቃልኪዳን ከደጃፉ ጥግ ተቀምጣ አየችን እንጂ አልነካችውም።

ሐሙስ እንግዲህ ትዕግሥቴ አለቀ። «እትዬ ሰዓዳ፣ ይህን ያህል ካወቁበት ለምን ቤትዎ አይሠሩም?» አልኩ።

«ለአንድ አፍ ገንፎ ይገነፋል እንዴ?» አሉ፤ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳያነሡ።

አፈርኩ። ገንፎ ተከቦ የሚበላ ነገር ነው። ቋጥረው ይላኩልኝ የሚሉትም አይደለም፤ ለማፍጠሪያ እስኪደርስ ድንጋይ ይሆናል። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት «ወደ አንድ ዞር!» አሉኝ፤ ወደ አንድ ዞር አማሰልኩ።

ዓርብ ደረሰ። ገንፎው ለስልሶ ሳህን ላይ ወጣ። እኔ ቅዳሜን እያሰብኩ ነበር፤ ኤደንን መናኸሪያ ስቀበላት፣ ሦስት ዓመት የደከመችበትን ትታ ከመኪና ስትወርድ። እትዬ ሰዓዳ ወንበር ስበው ቃልኪዳን ፊት ተቀመጡ።

«ስሚ ልጄ» አሉ፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው። «እኔ ጾመኛ ነኝ። አባትሽ ጾመኛ ነው። ወንድምሽ ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ቤት መቅመስ የሚፈቀድላት አንቺ ብቻ ነሽ። የዚህን ገንፎ ጨው ማን ይንገረን?»

ቃልኪዳን ጉዳዩን አሰበችበት። ከዚያ ተነሥታ መጣችና ከማንኪያው ጫፍ ቀመሰች።

«አንሷል» አለች።

እትዬ ሰዓዳ ጥቂት ጨው ጣል አደረጉ። «አሁንስ?»

«ትንሽ አንሷል።»

ከሦስተኛው ምርመራ በኋላ እትዬ ሰዓዳ ጨው መጨመሩን ትተው ባዶ ጣታቸውን ገንፎው ላይ ማራገፍ ጀመሩ። ቃልኪዳን እየቀመሰች «አንሷል» ትላለች፤ እሳቸው በትሕትና ያራግፋሉ። በዘጠነኛው «አሁን ደኅና ነው» ተባለ። ሳህኑ ተጋምሷል።

ደጅ ወጥቼ ኤደን ጋ ደወልኩ። «በላች» አልኳት።

«አንተ የሠራኸውን?»

«ኮሚቴ የሠራውን።»

ኤደን እዚያው ትምህርቷ ላይ ቀረች። የቃልኪዳን የቀማሽነት ሹመትም ጸና። ቅዳሜና እሑድ እኔ ረፋዱ ላይ መቅመስ ብችልም፣ ሥልጣኑ የእኔ እንዳልሆነ ከእትዬ ሰዓዳ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

ዒድ ሲያልፍ ማንኪያ ዘርግቼ «እንግዲህ አሁን ይቅመሱ» አልኳቸው። «ከዒድ በኋላ የስድስት ቀን ጾም አለ» አሉ። እውነት ነው፣ አለ። ስድስቱ ቀን አለቀ። «ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ» አሉ። ይህም ያለ ነው። ማክሰኞ ደግሞ «ጥርሴን ያመኛል» አሉ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት በሱቃቸው ፊት ሳልፍ ቆሎ ሲቆረጥሙ አይቻለሁ፤ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። አሁን ግን ቃልኪዳንን በዓይናቸው ጠቆሙኝ፤ እሷ ማንኪያዋን ይዛ ትጠብቃለች። እኔም ስለ ጥርሳቸው አዘንኩ።

ፋሲካ መጣ። ኤደን ለሦስት ቀን መጥታ፣ ዶሮ ሠርታ፣ ልጆቿን አቅፋ ተመለሰች። ቃልኪዳን አሁን ያገኘችውን ትበላለች። እትዬ ሰዓዳ ግን መምጣት አቆሙ። እነሱ የእነሱን እርድ ይበላሉ፣ እኛ የእኛን፤ ሥጋ የገባበት ድስት ዘንድ ሥራ የላቸውም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ለሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም።

ማድቤቴ ጸጥ አለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንድ ቀን ገንፎ ጥጄ ሆን ብዬ ወዲያና ወዲህ አማሰልኩት። ማንም አልመጣም። ውሃው ተደናግሮ ቀረ። ናፈቁኝ፤ ሌላ ቃል የለውም።

በሳምንቱ ገበያ ወጥቼ አዲስ ድስት ገዛሁ። ቤት ገብቼ ጣድኩትና ማማሰያውን ጠርዙ ላይ ሦስት ጊዜ መታሁ።

«ተው እንጂ መልካሙ! ድስት ነው ከበሮ?»

ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገቡም። ቃልኪዳን ሮጣ እጃቸውን ያዘች።

«አዲስ ነው፤ ሥጋ አልነካውም» አለች። ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና ፊታቸው ቆመች። «እኔ ጠግቤያለሁ። አባባ ጉንፋን ይዞታል። ናትናኤል ትምህርት ቤት ነው። ጨዉን ማን ይንገረን?»

እኔን የያዘኝ ጉንፋን አልነበረም። ግን ሳልኩ።

እትዬ ሰዓዳ ማንኪያውን ተቀበሉ። ከአርባ ቀን በላይ ያዘዙበትን ገንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸው ውስጥ አስገቡ። እኔ የፈተና ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ ማማሰያዬን ይዤ ቆምኩ።

«አንሷል» አሉ።

ቃልኪዳን ባዶ ጣቷን ገንፎው ላይ አራገፈች። «አሁንስ?»

«ትንሽ አንሷል» አሉ እትዬ ሰዓዳ፤ ወንበራቸውንም ወደ ሳህኑ ሳብ አደረጉ።