ከዒላማው ሥር የተነጠፈው ምንጣፍ

የመድፈኛውን ጦር አዛዥ፣ ኮሎኔሉን፣ የማያመሰግን አፍ ቢዘጋ ይሻላል። እኚህ ሰው የእንግዳ ክብር ያውቃሉ። በየዓመቱ የተኩስ ትርኢት ሲደረግ የክብር እንግዶቹን የሚያስቀምጡት ከዒላማው ሥር ነበር። ያረጁት መድፎች ተራራውን፣ ወንዙን፣ አንዴማ የገዛ ወጥ ቤታቸውን ሲመቱ ዒላማውን ነክተው ስለማያውቁ፣ በዚያ ሁሉ ሜዳ ከዚህ የበለጠ ደኅና ቦታ አልነበረም።

ዘንድሮ አዲስ መድፍ መጣ። ጥይቱ በሳተላይት እየተመራ አገር አቋርጦ የተነገረው ቦታ ላይ ዘጭ ይላል አሉ። ትርኢቱ ካማረ ኮሎኔሉ ጀኔራል ሊባሉ ነው፤ ሚስታቸውማ ከወዲሁ «የጀኔራል ባለቤት በሉኝ» እያለች ጎረቤቱን ታለማምዳለች።

በዕለቱ ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ወንበር ተደረደረ። የት? እዚያው ነዋ!

«ክቡራን እንግዶች!» አሉ ኮሎኔሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ዘመናዊነትን ከማፋጠን አኳያ፣ ይህ መሣሪያ የመርፌ ቀዳዳ እንደማይስት በአጽንዖት አረጋግጣለሁ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ይሄኔ ተኳሹ ሻምበል ከሩቅ በሬዲዮ ጠራቸው።

«ጌታዬ፣ ዒላማው ላይ ልተኩስ ነው። እርስዎ የት ነዎት?»

«ዒላማው ሥር ነዋ! ሌላ ጊዜስ የት ነን?»

«ጌታዬ፣ ይሄኛው እኮ ይመታል።»

ኮሎኔሉ ከእንግዶቹ ፈቀቅ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትንሽ እንኳ አይስትም?»

«አሁን በድምፅ ማጉያው የመርፌ ቀዳዳ አይስትም ሲሉ ሰማሁዎት እኮ። እንግዶቹን ቢያነሷቸውስ?»

«ምን ብዬ? እስከ ዛሬ እዚህ ያስቀመጥናችሁ መድፋችን ስለማይመታ ነው ልበል? አብደሃል?»

«እንግዲያው የት ልተኩስ?»

«ከሜዳው ማዶ ወዳለው ረግረግ! ወደ ረግረጉ ላክልኝ፣ የኔ ወንድም!»

ጥይቱ እያፏጨ መጣና ረግረጉ መሀል ጥልቅ ብሎ ገባ። የታዘዘውን ቦታ በስንዝር አልሳተም። ዒላማው ግን እንደተኳኳለ ቆሞ ቀረ።

ማዕረጉን የሚሰጡት ዋናው የክብር እንግዳ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ኮሎኔል፣ ሳተ እኮ!»

ለኮሎኔሉ ማዕረጉ ከትከሻቸው ላይ ብር ብሎ ሲሄድ ታያቸው። ውሸት ቢፈልጉ አንድም ጠፋ፤ ሰውዬው ለዚህ እንኳ አልተዘጋጁም።

«አልሳተም፣ ጌታዬ» አሉ። «እንዲስት አዝዤው ነው።»

የክብር እንግዳው ብድግ አሉ። የኮሎኔሉን እጅ ጨብጠው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ክቡራን! የሚስት መድፍማ ድሮም ሞልቶናል። ታዝዞ የሚስት ግን ገና ዛሬ አየን! ጀኔራል፣ እንኳን ደስ ያለዎት!»