ሽማግሌ የሰማ መንገድ

ልማት የሚጠላ መንዜ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የእኛ ሰው ልማትን አጥብቆ ይወዳል፤ በጎረቤቱ ጓሮ እስካለፈ ድረስ።

ጎረቤቴ ጋሽ ወልደየስ እንዲህ ናቸው። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ለትንሿ ከተማችን ማስተር ፕላን ሲወጣ፣ በቀበሌው ስብሰባ ብድግ ብለው ያጨበጨቡት እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ የአዲሱን መንገድ ችካል ይዞ መጣና የእሳቸው ግቢ ውስጥ፣ ከገብስ ክምራቸው ሥር ተከለው።

ጋሽ ወልደየስ አልጮኹም፣ አልከሰሱም። ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹም ከመሐንዲሱ ቤት ሄደው፣ ተቀመጡ ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይፈጸምማ አንቀመጥም» አሉ።

መሐንዲሱ የዚያው አገር ልጅ ነው። ሽማግሌ ደጁ ቆሞበት ምን ያድርግ?

«እሺ አባቶቼ፣ መንገዱ በጎን ይዙር» አለ።

ይህን የሰማ ሁሉ ሽማግሌ ላከ። መንገዱም የአንዱን ካብ ታኮ፣ የሌላውን በረት ዞሮ፣ የቄሱን ደጅ ተሳልሞ አለፈ። ፕላኑ ላይ እንደ ክር ቀጥ ያለው መንገድ መሬት ሲወርድ የበግ አንጀት መሰለ።

በመጨረሻ ግሬደሩ የሚዞርበት አጣና የማዘጋጃ ቤቱን አጥር ደርምሶ ግቢውን ለሁለት ከፈለው። አጠገቤ ቆመው ያዩ የነበሩት ጋሽ ወልደየስ ከልባቸው አዘኑ።

«ምስኪን ማዘጋጃ ቤት!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ አጥቶ እኮ ነው።»